ለግልገል ኤሊ ምን ይጎዝጎዝ? ከሥሯ የሚነጠፈውን የመምረጥና የማዘጋጀት መመሪያ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ለልጆቹ ትንሽ ኤሊ ገዛን፤ ሳጥኗ ውስጥ ከሥሯ ምን ላድርግላት?» ወዲያው ሁለተኛው ይከተላል። «የበረሃ እንስሳ አይደለች? አሸዋ ብሞላላትስ?» በስልክ ስመልስ ሁሌም አንድ ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

የምናገረው ስለ ሱልካታ ኤሊ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ ከሱቅም ከእንስሳት ትርዒትም ገዝታችሁ የምትመጡት በአብዛኛው እሷን ነው። የትውልድ ቦታዋ የሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ ነው፤ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ ይደርሳል። ስትፈለፈል ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። መመሪያው ከተፈለፈለች ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ላለችው ነው። ሰውነቷ ነብር የሚመስለው፣ ሌፐርድ የምትባለው ኤሊም በዚሁ ትያዛለች። የሩስያ ወይም የሜዲትራኒያን ኤሊ ከሆነች ግን ከዚህ በታች የምሰጣቸው የሙቀትና የእርጥበት ቁጥሮች ይበዙባታል።

ከሥር የሚነጠፈውን ነገር ሱቆች «ሰብስትሬት» ይሉታል። እኔ ጉዝጓዝ እለዋለሁ። ለበዓል ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ጉዝጓዙ ምን ይሠራል?

ዋናው ሥራው እርጥበት መያዝ ነው። ይህን ከተረዳችሁ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ሱልካታ የደረቅ አገር እንስሳ መሆኗ እውነት ነው። ግልገሏ ግን ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥላት አትውልም። ቁጥቋጦ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አፈሩ ረጠብ ያለበት ቦታ ተደብቃ ነው የምትውለው። እኛ በረሃ ስንል የሚታየን ላይኛው መሬት ነው። እሷ የምትኖረው ግን ከሱ ሥር ነው።

ትንሽ ኤሊ በደረቅ ቦታ ካደገች ጀርባዋ ላይ ያለው ቅርፊት እየቆለለ ያድጋል። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ትንሽ ጉብታ ይነሣል። ሰው «ምግብ በዝቶባት ነው»፣ «ፕሮቲን ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የቪየና ጥናት ይህንኑ በሱልካታ ግልገሎች ላይ ፈትሾታል። ጉብታውን በዋናነት የወሰነው የአየሩ እርጥበት ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ ትንሽ ነበር። አንዴ የተነሣ ጉብታ ደግሞ ተመልሶ አይተኛም። ጉዝጓዙን ከመጀመሪያው ቀን በትክክል አድርጉ የምለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹ ሥራዎቹ እነዚህ ናቸው። እግሯ ሳይንሸራተት እንድትራመድ ያደርጋል። ቆፍራ እንድትገባበት ቦታ ይሰጣታል፤ መቆፈር ካልቻለች ትጨነቃለች። በስህተት ከምግብ ጋር ትንሽ ብትውጠው ደግሞ አንጀቷን ሳይዘጋ መውጣት አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን፤ ውኃ የማያስገባ፣ ግድግዳው የማያሳይ፣ ከላይ የሚከደን
- የታመቀ ኮኮ ኮይር፤ 650 ግራም የሚመዝነው ጡብ፣ 3 ፍሬ
- ደቃቅ ኦርኪድ ባርክ፤ 8 ኳርት የሚይዘው ከረጢት፣ 1
- 15 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ባልዲ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል
- ለብ ያለ ውኃ
- ዲጂታል የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ፣ 2 ፍሬ
- ለምግቧ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የወለል ሸክላ
- ለመጠጧ ጥልቀት የሌለው የሸክላ ሰሃን፤ የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው በጣም ይመቻል
- መደበቂያ፤ በጎኑ የተጋደመ የአበባ ማሰሮም ይሆናል
- ጓንት

ማሞቂያና የዩቪቢ መብራት (የፀሐይን ጨረር የሚተካላት) እንዳላችሁ አድርጌ ነው የምጽፈው። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጉዝጓዙን ምረጡ

የኔ ምርጫ ሦስት እጅ ኮኮ ኮይር፣ አንድ እጅ ኦርኪድ ባርክ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኮኮ ኮይር ከኮኮናት ፍሬ ልባስ የሚወጣ ጭረትና ብናኝ ነው። ውኃ ሲያገኝ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ለስላሳ ነው፤ ለመቆፈር ይመቻል። ችግሩ ብቻውን ሲሆን ነው። ላዩ ሲደርቅ ይቦናል፣ ሲረጥብ ደግሞ ጭንቅላቷና ዓይኗ ላይ ይለጠፋል።

ኦርኪድ ባርክ የዛፍ ልጥ ስብርባሪ ነው። አይቦንም፣ ቶሎ አይሻግትም፣ ለእግሯም መያዣ ይሰጣል። ደቃቅ የሚባለውን ግዙ። ትልልቁ ለትልቅ ኤሊ ነው፤ ለግልገሏ በድንጋይ ክምር ላይ እንደመራመድ ይሆንባታል፣ ትገለበጣለችም።

ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ኦርኪድ ባርኩን ካጣችሁ ሳይፕረስ መልች፣ ማለትም የተከተፈ የሳይፕረስ ዛፍ፣ ጥሩ ምትክ ነው። ከረጢቱ ላይ «ንጹሕ ሳይፕረስ» የሚለውን ፈልጉ፤ ቅልቅል ከሆነ ተዉት። ማዳበሪያም ኬሚካልም ያልነካው ንጹሕ አፈርም ይሆናል። ግን ይከብዳል፤ ውኃ ከበዛበት ጭቃ ነው።

ገና ከእንቁላል የወጣች፣ ሆዷ ላይ የአስኳሉ ከረጢት ያልጠፋላት ከሆነች ይህ ሁሉ ይቆይ። የረጠበ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው የወጥ ቤት ወረቀት ላይ አቆዩአት። በየቀኑ ቀይሩላት። ሆዷ ሲዘጋ ወደ ጉዝጓዙ ትገባለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልተዘጋው ቦታ ላይ ብናኝና ስንጥር እንዳይገባባት ነው።

እነዚህን አታስገቡ

*አሸዋ።* ብቻውን በጭራሽ። እርጥበት አይይዝም፣ ዓይኗን ያሳክካታል፣ ስትውጠው አንጀቷ ውስጥ ይከማቻል። «የካልሲየም አሸዋ» ተብሎ በቀለም ያሸበረቀው ደግሞ ይብሳል። ካልሲየም ስለሆነ ብትበላው አይጎዳትም ይሏችኋል። አትስሙ። ሲረጥብ ይጋገራል።

*ሴዳር፣ ጥድና ሽታ ያለው እንጨት ሁሉ።* እኛ የጽድ ሽታ ደስ ይለናል፤ ቤት ገብቶ ሲሸት ንጽሕና ይመስለናል። ያ ሽታ ግን ከእንጨቱ የሚወጣ ዘይት ነው። በተዘጋና በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ሲታፈን ሳንባዋንና ዓይኗን ያቃጥላል። አገር ቤት ጽድ የምንለው ራሱ ከዚህ ወገን ነው። የአናጢ ቤት ፍቅፋቂም ለዶሮ እንጂ ለሷ አይሆንም።

*ቄጤማ፣ ጭድና ድርቆሽ።* አንዲት እህት ለቡና ከተጎዘጎዘው የተረፈውን ቄጤማ ላድርግላት ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አሳቧ ጥሩ ነው፤ ሣር ነው፣ ኤሊም ሣር ትበላለች። ግን ረጠብ ባለ ሙቅ ሳጥን ውስጥ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል። ከሱቅ የመጣ ከሆነ ምን እንደተረጨበትም አይታወቅም።

*የጥንቸል መኖ እንክብል።* እኔ የመጀመሪያዋን ኤሊ ስገዛ ሻጩ የሰጠኝ ይህንን ነበር። «ብትበላውም ችግር የለውም» አለኝ። እርጥበት ሲነካው አበጠ፣ ወደ ገንፎነት ተለወጠ። በአራተኛው ቀን መደበቂያዋን ሳነሣ ሥሩ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ነበር። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ኤሊዋ ደግሞ እዚያው ላይ ነበር የተኛችው።

*የተሰባበረ የለውዝ ቅርፊት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጠጠር፣ የድመት አሸዋ።* እነዚህ ከተዋጡ አንጀት ይዘጋሉ። ክርክር የለውም።

*ጋዜጣና ምንጣፍ።* ጋዜጣ ያንሸራትታል፤ እግሯ ወደ ጎን እየተከፈተ ትለምዳለች። የተሳቢ እንስሳት ምንጣፍ እየተባለ የሚሸጠው ጥፍሯን ይይዛል፣ ውስጡም ቆሻሻ ይቀመጣል። ሁለቱም እርጥበት አይይዙም። መቆፈርም የለም።

*ስፋግነም የሚባለው ሳረንስት (ሞስ)* መካከል ላይ ያለ ነው። እርጥበት በመያዝ የሚስተካከለው የለም። ግን አንዳንድ ኤሊዎች ይበሉታል፤ ረጃጅም ክሩ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይጠቀለላል። የኔዋ ትበላው ስለነበር አውጥቼዋለሁ። ከሞከራችሁት ዓይናችሁ አይለያት።

ደረጃ 2፦ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከረጢቶች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። የሚከተሉት ከተጻፉበት መልሱት፦ ማዳበሪያ፣ ፐርላይት፣ ቨርሚኩላይት፣ እርጥበት የሚያቆዩ ክሪስታሎች፣ ቀለም፣ የተባይ ማጥፊያ።

ፐርላይት ነጫጭ፣ ቀላል ፍሬ ነው። በአትክልት አፈር ውስጥ በብዛት አለ። ኤሊ ነጭና ደማቅ ነገር ስታይ ምግብ ይመስላታልና እየመረጠች ትለቅመዋለች። ኮኮ ኮይርም ከአትክልት መደብር ስትገዙ ማዳበሪያ የተጨመረበት አለ። ከውስጡ ኮኮናት ብቻ መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል እንደሚበቃ አስሉ

ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያ በጉዝጓዙ ጥልቀት አባዙ። ሁሉም በሴንቲ ሜትር ይሁን። ለ1,000 ስታካፍሉት ሊትር ይሰጣችኋል።

ለምሳሌ 90 × 45 × 8 = 32,400። ስለዚህ 32 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። አንድ 650 ግራም የኮይር ጡብ ሲያብጥ 8 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ሦስቱ 24 ሊትር ናቸው። 8 ኳርት ባርክ ደግሞ ከ7 ሊትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ድምሩ ልክ ይመጣል።

8 ሴንቲ ሜትር ለምን? ከ5 ካነሰ ከማሞቂያው ሥር በአንድ ቀን ድርቅ ይላል፤ ስትቆፍርም ወዲያው ወለሉን ታገኛለች። 10 ብታደርጉት የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ ኮይሩን አርሱ

ጡቡን ባልዲው ውስጥ አስቀምጡ። ለአንድ ጡብ 3 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ አፍስሱበት። ቀዝቃዛም ይሠራል፤ ግን ይቆያል። ወዲያው ጎኑ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ከዚያ እንደ ዳቦ እየተነሣ ይፈረፈራል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። በእጃችሁ እየፈረፈራችሁ መሐሉን ፈትሹ። ጠንካራ፣ ደረቅ ጓል ካገኛችሁ ትንሽ ውኃ ጨምሩ። በድምሩ ለአንድ ጡብ ወደ 4 ሊትር ይፈጃል።

አንዳንድ ኮይር ጨው ይኖርበታል። የምትገዙት ለተሳቢ እንስሳት የተዘጋጀ ካልሆነ አንዴ በብዙ ውኃ ዘፍዝፋችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የመጀመሪያውን ውኃ ድፉት።

ረጅም ክርና ስንጥር ካያችሁ ልቀሙ። እግሯ ላይ የሚጠመጠም ክር ደም ያግዳል። ለግልገል ኤሊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እግሯ ከሰው ትንሽ ጣት ይቀጥናል።

ከዚያ ባርኩን ጨምሩና በደንብ አደባልቁ።

ደረጃ 5፦ ጨብጣችሁ ፈትኑ

ይህ ፈተና መለኪያ ሳታወጡ ልኩን ይነግራችኋል። አንድ እፍኝ አንሡና እንደ ጭብጦ በሶ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ።

በጣቶቻችሁ መሐል ውኃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። ጨምቁት ወይም ትንሽ ደረቅ ኮይር ጨምሩበት። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በጣት ሲነኩት ደግሞ ከፈረሰ፣ እጃችሁ ላይም ዝናብ እንደነካው አፈር ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ ልክ ነው።

ደረጃ 6፦ አንጥፉ

ሳጥኑ ውስጥ እኩል በትኑትና በመዳፋችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ልፋት ያለው መጠቅጠቅ አይደለም፤ ስትሄድበት እንዳይውጣት ያህል ነው። የተበተነ ኮይር ላይ ግልገል ኤሊ ጭቃ ውስጥ እንደገባች ትዋኛለች፤ ፊቷም ላይ ይበናል።

መደበቂያው ያለበትን ጥግ ከፍ አድርጉት፤ 12 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ጥሩ ነው። ቆፍራ ግማሽ አካሏን ቀብራ የምትተኛው እዚያ ነው። ከማሞቂያው ሥር ያለውን ግን ዝቅ አድርጉ። ጉዝጓዙ ከፍ ባለ ቁጥር ጀርባዋ ወደ መብራቱ ይቀርባል፣ ይቃጠላልም።

ደረጃ 7፦ ዕቃዎቹን አስቀምጡ

ከባድ ዕቃ ሁሉ በሳጥኑ ወለል ላይ እንጂ በጉዝጓዙ ላይ አይቀመጥ። ኤሊ ከሥር ትቆፍራለች። ድንጋዩ ወይም ማሰሮው ጉዝጓዝ ላይ ከተቀመጠ ይናድባታል። ያነጠፋችሁትን ጉዝጓዝ ገለል አድርጋችሁ ዕቃውን ወለሉ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ጉዝጓዙን ዙሪያውን መልሳችሁ አልብሱት።

ምግቧን በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ስጧት። ጉዝጓዙ ላይ ቅጠል ከበተናችሁ እያንዳንዱ ጉርሻ ኮይር ይዞ ይገባል። ድንጋዩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥፍሯንና አፏን ይሞርድላታል።

የውኃው ሰሃን ከንፈሩ ከጉዝጓዙ እኩል እስኪሆን ድረስ ይቀበር። በቀላሉ ትግባ፣ በቀላሉ ትውጣ። ውኃው ከአገጯ በላይ መድረስ የለበትም።

ደረጃ 8፦ ኤሊዋ ሳትገባ አንድ ሁለት ቀን አሠሩት

ማሞቂያውን አብሩ፣ ክዳኑን ክደኑ፣ መለኪያዎቹን አስቀምጡ። አንዱ ሞቃቱ ጎን፣ ሌላው ቀዝቃዛው ጎን፤ ሁለቱም ከጉዝጓዙ ከፍታ አጠገብ። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተለጠፈ መለኪያ እሷ የማትኖርበትን አየር ነው የሚነግራችሁ።

የምትፈልጉት ይህ ነው። የምትሞቅበት ቦታ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሌላው ቦታ ቀን ከ27 እስከ 32። ሌሊት ከ26 በታች አይውረድ። እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ።

ሌሊቱን በተለይ አስተውሉ። *እርጥብና ቀዝቃዛ አብረው አይሄዱም።* ረጠብ ያለ ጉዝጓዝ ሞቃት ከሆነ ጤና ነው። ያው ጉዝጓዝ ሌሊት ቢቀዘቅዝ የሳንባ ምች ነው። ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ሙቀቱን ከሚቆጣጠር ቴርሞስታት ጋር ሌሊቱን ይዞ ያድራል። እሱ እስኪመጣ ድረስ እርጥበቱን ቀንሱ።

ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን አትጠቀሙ። ኤሊ ሲሞቃት ቆፍራ ወደ ታች ትሸሻለች፤ ከሥር የሚጠብቃት ደግሞ እሳት ይሆናል። የሆዷ ቅርፊት ሲቃጠል ቶሎ አይታወቅም።

ደረጃ 9፦ በየጊዜው ተንከባከቡት

በየቀኑ፦ ኩሷንና የተረፈ ምግብ አንሡ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ንከሯት። ይህ ከጉዝጓዝ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። ውኃ የጠገበች ኤሊ የዋጠችው ብናኝ ሳይደርቅ ይወጣላታል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እዚያው ውኃ ውስጥ ስለምትጸዳዳ ጉዝጓዙ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

በየሁለት በየሦስት ቀኑ፦ ጭብጦውን ፈትኑ። ደርቆ ከሆነ ለብ ያለ ውኃ *በጥጎቹ* በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ውኃው ከሥር ይሰራጫል፤ ላዩ ደረቅ ይላል። ይህንን ነው የምንፈልገው። ከላይ ብቻ በመርጫ ብትነፉ ላዩ ይረጥብና ሆዷ ሁልጊዜ ውኃ ላይ ይተኛል፤ ሥሩ ግን ድርቅ እንዳለ ነው። በመርጫ መንፋት አየሩን ለአፍታ ለማርጠብ እንጂ ጉዝጓዙን ለማጠጣት አይደለም።

በሳምንት አንዴ፦ በእጃችሁ ከሥር ወደ ላይ ገልብጡት። አየር ያገኛል፤ ሻጋታ አይዝም። ትንሽ ነጭ ሻጋታ ካገኛችሁ እዚያ ያለውን እፍኝ ሙሉ አውጡ፣ የቀረውን አገላብጡ። አዲስ ኮይር ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ መታየቱ አያስደነግጥም። ካልቆመ ግን አየር አጥሮታል ወይም ውኃ በዝቶበታል።

ከ3 እስከ 6 ወር፦ ሙሉውን ቀይሩት። ከዚያ በፊት ከሸተተ ቀኑን አትጠብቁ። ጤነኛ ጉዝጓዝ የሚሸተው እንደ ጫካ አፈር ነው። የሽንት ወይም የጎምዛዛ ሽታ ካለው አልቆለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*«ውኃ ስጨምር እርጥበቱ አይነሣም።»* ክዳኑን እዩ። ከላይ ወንፊት ብቻ ከሆነ ማሞቂያው እርጥበቱን ሁሉ ወደ ጣራ ይልከዋል። የወንፊቱን አብዛኛውን ክፍል ዝጉ፤ ከማሞቂያው የራቀውን ቦታ ማለቴ ነው። ጉዝጓዙን ጭቃ ማድረግ መፍትሔ አይደለም።

*አፈር ስትበላ አይቶ ጉዝጓዙን መቀየር።* አንድ ሁለት ጊዜ መቅመስ የልጅ ጠባይ ነው። ደጋግማ እየፈለገች የምትበላ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየም አንሷታል። የካልሲየም ዱቄት ምግቧ ላይ ነስንሱ፣ የዩቪቢ መብራቱንም ፈትሹ።

*ከትልቅ ኤሊ ጋር አንድ ላይ ማኖር።* ለትልቋ የሚሆነው ሻካራ ጉዝጓዝ ለትንሿ አይሆንም። ትልቋ የምትጥለውንም ትንሿ ትበላለች።

*በሚያምር ነገር ማስጌጥ።* ባለቀለም ጠጠር፣ የፕላስቲክ ሣር፣ ዶቃ። ግልገል ኤሊ ቀይና ነጭ ነገር ታሳድዳለች። አፏ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ

ለብዙ ቀን ኩስ ካልጣለች፣ ካማጠች፣ የኋላ እግሯን ከጎተተች፣ ምግብም እምቢ ካለች አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ካያችሁ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ሲጢጥ የሚል ድምፅ ካለ ሳንባዋ ነው። የሆዷ ቅርፊት ከቀላ፣ ከላላ ወይም ከሸተተ ጉዝጓዙ ላዩ ከልክ በላይ ረጥቧል። በሦስቱም ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዷት። የምግብ ዘይት አታጠጧት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ሳጥኗ ያለበት ክፍል ውስጥ ዕጣን አታጭሱ። የቡናውንም ከሰል አርቁ። ሳጥኑ ጢሱን ይዞ ያስቀራል። ቡና የምታፈሉት ሳሎን ከሆነ ሳጥኗ መኝታ ቤት ይሁን።

ኤሊ ጤነኛም ሆና ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች፤ ከጉዝጓዙም ወደ እጅ ይተላለፋል። ጉዝጓዙን ነክታችሁ በሳሙና ታጠቡ። ባልዲውንና ሰሃኑን ሽሮ የሚሠራበት ማድ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቡ፤ ደጅ ወይም መታጠቢያ ቤት ይሁን፣ ከዚያም ቦታውን ጀርም በሚገድል ማጽጃ ፈትጉት። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኤሊዋን ይዩ እንጂ አይንኩ፤ ጉዝጓዙንም እንዲሁ።

አገር ቤት ሆናችሁ ሜዳ ላይ ትንሽ ኤሊ ካገኛችሁ ሳጥን አታዘጋጁላት። ጉዝጓዟ እዚያው ነው ያለው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝም በሕግ ያስጠይቃል። ካነሣችኋት ያነሣችሁበት ቦታ ላይ መልሷት።

አሮጌውን የት ላድርገው?

ይህንንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የወጣውን ጉዝጓዝ አበባ ሥር መድፋት ይቻላል፤ ለአፈሩ ጥሩ ነው። ጎመን፣ ቃሪያ ወይም በሶብላ የተከላችሁበት መደብ ላይ ግን አታድርጉት፤ የተናገርኩት ሳልሞኔላ እዚያም ይከተላችኋል። አበባ ከሌላችሁ በፕላስቲክ አስራችሁ ከቆሻሻው ጋር አውጡት። ሳጥኑን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ አዲሱን አንጥፉ። ከአሮጌው ንጹሕ ቦታ አንድ ሁለት እፍኝ አስቀርታችሁ መደበቂያዋ ውስጥ ብትጨምሩላት የለመደችውን ሽታ ታገኛለች፤ አዲሱ ላይ ግራ ሳትጋባ ቶሎ ቆፍራ ትገባለች።